ያልታወቀው ሌባ ጠባይ

አጎት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ አሥራ አንድ ቀን ታስረዋል። ልብስ ከሚያጥቡበት ቤት የእጅ ሰዓት ጠፋና ባለቤቱ «ዓይኑን ሰብሮ ነው የቆመው፤ ሌባ ባይሆን ኖሮ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር» ብለው አሳሰሯቸው። ልጁ ዓይኑን የሰበረው ታላቅን አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ተብሎ ስላደገ ነበር። ሰዓቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከአልጋ ሥር ተገኘ፤ ይቅርታው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ አጎት አርባ ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተዋል። ፊደልም የቆጠሩት ጎልማሳ ሆነው፣ በራሳቸው ጥረት ነው። የሟች እህታቸውን ልጅ አሳድገው ዩኒቨርሲቲ አስገብተዋል። ልጁ ሥነ ልቦናን የወንጀል ማስረጃ ከሚመረምረው ፎረንሲክ ባዮሎጂ ጋር አጣምሮ ያጠናል። የሰፈሩ ሰው ገና ሳይመረቅ «ምሁሩ» ብሎ ስም አወጣለት፤ እሱም አላስተባበለም።

የዛሬው ጭቅጭቅ የተነሳው በአፍንጫ ነው። ምሁሩ «ቀይዋን ብዕሬን ማን ወሰዳት?» ብሎ ሲጠይቅ አጎት አፍንጫቸውን አከኩ።

(ጠባብ ሳሎን። ምሁሩ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቷል። አጎት ባልዲ አጠገብ ተቀምጠው የሚታጠብ ልብስ ይለያሉ።)

ምሁሩ፦ አሁንም አከኩት።

አጎት፦ ስለበላኝ ነው።

ምሁሩ፦ በሳይንሱ ግን፣ ጋሼ፣ ሰው ሲዋሽ አፍንጫውን ይነካል።

አጎት፦ ጉንፋን የያዘው ሰውስ?

ምሁሩ፦ ጉንፋን ለውሸታም የሚመች ሽፋን ነው።

አጎት፦ ብዕርህ ጆሮህ ላይ ናት።

ምሁሩ፦ (ከጆሮው ላይ እያወረዳት) ያለችበትን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ይኸም ይመዘገባል።

አጎት ነገሩን ተዉት። ይልቅስ ሁልጊዜ የማይገባቸውን ጠየቁ፤ የሰውን ልብ ማጥናት ብቻውን አይበቃም ወይ፣ ጸጉርና ምራቅ ለምን ተጨመረበት? ምሁሩ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቃላቱን እየጎተተ መለሰላቸው። ባዮሎጂው በቦታው ማን እንደነበረ ይናገራል፤ ሥነ ልቦናው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለቱን የያዘ ሰው አይሳሳትም።

ፈተናውንም አብራራላቸው። ትምህርት ክፍሉ አንድ ክፍል አዘጋጅቶ የተሰረቀ አስመስሎታል። እያንዳንዱ ተማሪ ተራ በተራ ብቻውን ገብቶ የወደቀውን ይለቅማል፣ በላብራቶሪ ያስመረምራል፣ ሌባው ማን እንደሆነና ምን ጠባይ እንዳለው ጽፎ ያስረክባል። ተጠርጣሪ የሚሆኑ አምስት ሰዎች ተመድበዋል። ምሁሩ ይህን ፈተና ባለፈው ዓመት ወድቋል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ የሚያስረክበው ሪፖርት ዳግመኛ ከወደቀ ከትምህርት ክፍሉ ይሰናበታል። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል።

አጎት፦ እስቲ ያገኘኸውን ንገረኝ። ቀስ እያልክ፤ እኔ እንደምታውቀው ዘገምተኛ ነኝ።

ምሁሩ፦ ስለማውቅ ነው በቀላሉ የምነግርዎ። አንደኛ፣ ከነሥሩ የወደቀ ጸጉር፤ ጥቁር ሆኖ ጫፉ ቢጫ የተቀባ። ሁለተኛ፣ ሰማያዊ የሹራብ ክር። ሦስተኛ፣ ከንፈር ያረፈበት ብርጭቆ።

አጎት፦ ሌባው ውሃ ጠጥቶ ነው የሄደው?

ምሁሩ፦ ድፍረቱን ይዩልኝ።

አጎት፦ አንተ ስትገባ ብርጭቆው ባዶ ነበር?

ምሁሩ፦ ሙሉ ነበር።

አጎት፦ ስትወጣስ?

ምሁሩ፦ ባዶ።

አጎት፦ አንተ እያለህ ነው የጠጣው?

ምሁሩ፦ ጋሼ፣ ጥያቄ ሥርዓት አለው። ክፍሉ ይሞቃል፤ እኔም ሰው ነኝ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጎነጨሁ። ምርመራውን የሚያደናቅፍ ነገር አይደለም።

አጎት የእህታቸውን ልጅ ራስ አዩ፤ ባለፈው ወር የተቀባው ቢጫ ከጫፉ ገና አልለቀቀም። ጉልበታቸው ላይ ያለውን የእሱን ሹራብም አዩ፤ ሰማያዊ ነው፣ እጅጌውም ተተርትሯል። የሆነ ነገር መጣላቸው። ነገር ግን በሰው ላይ ጣት መቀሰር የማይወዱ ሰው ናቸውና ምናልባት አልገባኝ ይሆናል ብለው ልብስ መለየታቸውን ቀጠሉ።

ምሁሩ፦ ላብራቶሪው ጸጉሩም ምራቁም የአንድ ወንድ ነው ብሏል። ከአምስቱ ተጠርጣሪዎች ግን ከማንኛቸውም ጋር አልገጠመም።

አጎት፦ ታዲያ?

ምሁሩ፦ ታዲያማ ስድስተኛ ሰው አለ። መምህራኑ ራሳቸው የማያውቁትን ሌባ አገኘሁላቸው። ውጤቱን የሰጡኝ መምህር ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸውም ይንቀጠቀጥ ነበር።

አጎት፦ ምን ሆነው?

ምሁሩ፦ በሳይንሱ ቅናት ይባላል። አሁን ጠባዩን ይስሙ። (ያነባል) «ወንጀለኛው በሃያና በሃያ አምስት ዓመት መካከል ያለ ወንድ ነው። ከእኔ በላይ አዋቂ የለም ይላል። በዘመድ ቤት በነጻ ይኖራል። ልብሱን ራሱ አያጥብም።»

አጎት፦ የመጨረሻውን በምን አወቅህ?

ምሁሩ፦ በክሩ ንጽሕና። እንዲህ የጸዳ ክር የሚወጣው ሌላ ሰው ተጠንቅቆ ከሚያጥበው ሹራብ ነው።

አጎት፦ (ደስ ብሏቸው) አጣቢው ሙያ አለው ማለት ነው።

ምሁሩ፦ እጅግ። (ያነባል) «አጣቢው ግብረ አበር ሳይሆን አይቀርም። ይህን ልጅ በማቆላመጥ ያበላሸው እሱ ነው።»

አጎት፦ እሱስ እውነት ነው።

ምሁሩ፦ ምን አሉ?

አጎት፦ ልጁን የማውቀው መሰለኝ አልኩ።

ምሁሩ ከወንበሩ ተነሳ። ስሙን ለመነ፣ ቀጥሎ አዘዘ፣ ቀጥሎ የወንጀል ተባባሪ ምን እንደሚደርስበት ዘረዘረ። አጎት ዘመድ ስለሆነ ይከብደኛል ከማለት በቀር አልመለሱም። ምሁሩ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረና ቆመ።

ምሁሩ፦ ገባኝ። የጸጉር አስተካካዩ ልጅ ነው።

አጎት፦ የትኛው፣ ጎረቤታችን?

ምሁሩ፦ እሱ ነዋ፤ ጎረቤትም ዘመድ ነው። የትምህርት ክፍሉ በር ጠባቂ ነው፤ ቁልፉ በእጁ ነው። የጸጉሩም ጫፍ ቢጫ ነው።

አጎት፦ ያንተንም በአባቱ ሱቅ የቀባህ እሱ አይደለም?

ምሁሩ፦ ለዚህ እኮ ነው ቀለሙን በደንብ የማውቀው። ሌባ ሆኖ እንዲጫወት ማንም አልመደበውም፤ ከገባ እውነተኛ ሌባ ነው ማለት ነው። (ይጽፋል) ስሙን ከነአባቱ አስገባሁት።

አጎት፦ በር ላይ ከቆመ ሦስት ወሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያባርሩታል።

ምሁሩ፦ ሳይንስ አያዝንም፣ ጋሼ።

አጎት ወደ ሥራቸው ዞሩ። በሆስፒታል ልብስ ውስጥ መርፌም ምላጭም ይገኛልና፣ ኪሱን ሳይገለብጡ ልብስ ውሃ ውስጥ አይነክሩም። ከሰማያዊው ሹራብ ኪስ ያልተከፈተ ፌስታል ወጣ። መነጽራቸውን አድርገው በላዩ የታተመውን ፊደል በፊደል አነበቡ።

አጎት፦ «ወደ ክፍሉ ከመግባትዎ በፊት ይልበሱ።» ምንድን ነው ይኸ?

ምሁሩ፦ (ቀና ሳይል) ጓንትና የጸጉር ቆብ። ለሁላችንም ያድሉናል።

አጎት፦ ለምን ይሆን?

ምሁሩ፦ የመርማሪው የራሱ ጸጉር... (ብዕሩ ቆመ)

አጎት፦ ጨርሰው እንጂ።

ምሁሩ፦ ...ወድቆ ከማስረጃው ጋር እንዳይደባለቅ።

(ምሁሩ ራሱን ይዳስሳል፤ ጣቱ ላይ የቀረውን አንድ ጸጉር ወደ መስኮቱ አንሥቶ ያየዋል።)

ምሁሩ፦ ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ አወቁ?

አጎት፦ ከብርጭቆው።

ምሁሩ፦ ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?

አጎት፦ ጠባዩን ስታነብ ልቤ ተማረከ። ባዮሎጂው እንዳልሆነ ሆኗል፤ በሥነ ልቦናው ግን አንዲት መስመር አልሳትክም።

ምሁሩ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። የቀረው ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ቆቡን አለማድረጉን ከጻፈ ፈተናውን በገዛ እጁ ይጥላል፤ የበር ጠባቂውን ስም እንደጻፈው ከተወው ግን ምናልባት ማንም ልብ ሳይለው ያልፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ ለአጎት ነገራቸው፤ በመጨረሻ ድምፁ አነሰ። አጎት ሹራቡን ውሃ ውስጥ ነከሩ። ምሁሩ አጎቱ ያለ ጥፋት የታሰሩበት አሥራ አንድ ቀን ትዝ አለው።

ቀይዋን ብዕር አነሣ። የጎረቤታቸውን ልጅ ስም ሰረዘ። ከሥሩ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ጸጉሩ የእኔ ነው፣ ክሩ የእኔ ነው፣ ውሃውንም የጠጣሁት እኔ ነኝ። ቆቡን ኪሴ ውስጥ ረስቼ ገባሁ። ሌባውን አላውቀውም።» ወረቀቱን አጥፎ ወደ በሩ ሄደ፤ መዝጊያውን እንደያዘም ዞረ።

ምሁሩ፦ ብወድቅስ፣ ጋሼ?

አጎት፦ (እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ) ብትወድቅ የማጠቢያው ክፍል ዛሬም ሰው ይፈልጋል፤ እንደጻፍከው ጠባይ ከሆነ ግን ማጠብ አትችልም። ሂድ አሁን፣ ሰዓት ይረፍድብሃል። ዛሬ ጨዋታ ነው ልጄ፤ ነገ ግን በዚሁ ሙያ ደመወዝ ትበላለህ። ማለፍና መውደቅ እንደ ዕድልህ ይሁን። ዋናው ነገር በአንተ ጸጉር የሰው ልጅ አለመታሰሩ ነው።