ጎማ ብቻ ነው የቀረው

እያንዳንዱ ቤት ውስጥ "ትንሽ ነገር ብቻ ነው የቀረው" የሚባል አንድ ነገር አለ። እናንተም ቤት አለ፤ አትደብቁኝ። ፀዳ የሚባለው የአክስቴ ሰፈር ብትሄዱ ጣሪያው ላይ የብረት ቀንድ ያበቀለ ቤት ታያላችሁ። ባለቤቱን ብትጠይቁት "ፎቁ ብቻ ነው የቀረው" ይላችኋል። ፍየሎቹ ደረጃውን ወጥተው፣ ሰማዩን አይተው መውረድ ለምደዋል። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ቀለበት ካሰረች ወዲህ የሰፈሩ ሕፃናት ተወልደው አድገው ኳስ መለጋት ጀምረዋል፤ እሷ ግን አሁንም "ሰርጉ ብቻ ነው የቀረው" ትላለች። ምን ታድርግ? የቀረው ነገር ያለ ሰው ተስፋ አለው። ጭንቁ የቀረው ነገር የመጣ ቀን ነው።

እኛ ቤት የቀረው ጎማ ነበር።

ማኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ማራኪ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ ግቢያችን ውስጥ አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የኖረች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከወገቤ ብዙም የማትበልጥ የስፖርት ማኪና ናት። ቀይ ነበረች አሉ። አሁን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የተረሳ በርበሬ መስላለች። አባዬ ከታላቅ ወንድሙ ነው የወረሳት። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሮጥ የሚወድ ሰው ነበር። ፎቶው ግድግዳችን ላይ አለ፤ ኮፈኖው ላይ ክንዱን ጥሎ ይስቃል። ጎማዎቹም የሚስቁ ይመስላሉ። ሰፋፊ፣ አጫጭር፣ መሬቱን ጥብቅ አድርገው የያዙ።

አባዬ ደግሞ ዜማ ቤት ያደገ፣ "መሪጌታ" የሚባል፣ የቤተ ክርስቲያን ጥላ እየሰፋ የሚያድር ሰው ነው። የአንዲቷን ጥላ ዘርፍ ዙሪያውን አስገብቶ እስኪጨርስ እኛ ምሳችንንም እራታችንንም እንበላለን። እንዲህ ያለ ሰው ከእንዲህ ያለች ማኪና ጋር ምን አገናኘው? ውርስ። መሪጌታ በስፖርት ማኪና! ሰፈሩ ስቆ ስቆ ሲደክመው ለመደን። ተከራዮቻችን ተማሪዎች ካልሲ ያሰጡባታል። አባዬ ሞተሯን በየጊዜው ያስነሳታል፣ ያዳምጣታል፣ ያጠፋታል። መንዳቱንም አጎቴ አስተምሮታል። "ሁሉ ነገሯ ደህና ነው" ይላል። "ጎማ ብቻ ነው የቀራት።" እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሯ ትሄዳለች ይባላል። የኛዋ እንቁላል አልሆነችም።

ታዲያ ይሄ ምን ያስለቅሳል ትሉኝ ይሆናል። የሚያስለቅሰው እማዬ ናት።

እማዬ አስተማሪ ናት። ትክል ድንጋይ የምትባል ከተማ ተመድባ የሄደች ቀን ተጣልተው ነበር። አባዬ "አይዞሽ፣ ማኪናዋን ላስነሳና በየሳምንቱ እመጣለሁ" ሲላት፣ ሻንጣዋን እየጎተተች "እንግዲያ በሷ ካልመጣህ ደጄን እንዳትረግጥ!" አለችው። እሷ የተናገረችው በንዴት ነው። እሱ የሰማው እንደ ግዝት ነው። የቤተ ክህነት ልጅ ማግባት ይሄ ጣጣ አለው፤ ሌላው ሰው በነጋታው የሚረሳውን ቃል እሱ ይዞት ይኖራል። ሚኒባስ ሞልቶ አባዬ በሚኒባስ አልሄደም። እማዬም "ኧረ ቀልዴን ነው" ማለት ሞት ሆነባት። ለጥምቀት ትመጣለች፣ ግን ፀዳ እህቷ ቤት ነው የምታርፈው። እኔ ሄጄ አያታለሁ። "አባትሽ እንዴት ነው? ያስለዋል?" ትለኛለች። ቤት ስመለስ እሱ ደግሞ "ከስታለች?" ይለኛል። እንደ ሚኒባስ ረዳት መሀል በሩ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ።

"ፈሪ ለእናቱ" ሲባል ሰምታችኋል። ፈሪ ከሁሉ ነገር ተርፎ እናቱ ጋ ይገባል ለማለት ነው። እኔ ፈሪ ነኝ። እናቴ ግን ትክል ድንጋይ ናት።

የምፈራውን ልዘርዝርላችሁ ብል አንጨርስም። ውሻ፣ ሽንት ቤት ያለ መብራት፣ መንገድ ተዘጋ የሚል ወሬ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ሆነ። ስለ ሰበቃ ስንማር የፊዚክስ መምህራችን "ሁለት ነገሮች ሲነካኩ ሰበቃ ባይኖር ምን ይሆናል?" ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ጭጭ አለ። እጄ ሳያማክረኝ ወጣ። "መሄድም መቆምም አይቻልም" አልኩ። "ሸጋ!" አለኝ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄ ለራሷ ጌታ ሆነች። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ እሷ ትወጣለች።

በጥምቀት ማግስት እማዬ ፀዳ ውስጥ ፀጉሬን እየሠራችኝ "ሁመራ ወዲያ ያለ ትምህርት ቤት አስተማሪ ይፈልጋል" አለችኝ። ፊቷን አላየሁትም፤ እጇ ግን ጉንጉኑን አጠበቀው። "ከጾሙ በፊት መልስ ስጪ ብለውኛል። ሳልሄድ አልቀርም። እዚህ ማን ይጠብቀኛል?" እኔ፣ ልላት ነበር። እኔ እጠብቅሻለሁ። ማበጠሪያውን አቀበልኳት።

ማታ ገበታ ላይ ለአባዬ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ አላመጠ። ከዚያ "ማኪናዋ እኮ..." ሲል፣ እጄ ሽሮ እንደያዘች ወጣች።

"ምን ሆንሽ?" አለ አባዬ።

"ነገ ጎማ እንግዛ።"

በማግስቱ ባጃጅ ተሳፍረን፣ አንዱን ቸርኬ፣ ጎማ የሚገባበትን ብረት፣ እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፌ፣ አዘዞ መንገድ ላይ ወዳለው ወደ አያ ታከለ ጎሚስታ ሄድን። አያ ታከለ ቸርኬውን አገላብጦ አየና፣ ጓዳ ገብቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ አራት ጎማ እያንከባለለ ወጣ። ሰፋፊ፣ አጫጭር። ፎቶው ላይ ያሉት ራሳቸው! አባዬ ጎንበስ ብሎ እንደ ወርቅ ዘቦ ጨርቅ ዳሰሳቸው። ወንድሙን ያገኘ መሰለ።

"አንድ ቀን እንኳ መሬት አልነኩም" አለ አያ ታከለ።

እኔ ደግሞ ከመተኛቴ በፊት ስልኬ ላይ ሳነብ ነበር። ጎማ ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ዓመት ናቸው። ተንበርክኬ በቀሚሴ ጠረግኩና አነበብኩ። "አስራ አምስት ይላል።"

"ካቻምና! ገና ትኩስ ነው" አለ አባዬ በደስታ።

"አባዬ... በፈረንጅ ነው።"

"ምኑ?"

"ዓመቱ። ይሄን የሠራው ሰው ጳጉሜን አያውቅም።"

አባዬ ባሕረ ሐሳብ ያሰላል። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ሰፈሩ የሚጠይቀው እሱን ነው። ጣቶቹን አንጓ በአንጓ እየነካ ቆጠረ፣ ደገመ፣ እጁን አወረደ። "ይሄ ጎማ ሲሠራ አንቺ ሀ ሁ ነበር የምትይው።"

አያ ታከለ ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። "እኔም በኛው ስቆጥረው ኖርኩ! እንዲህ ያለ ቁጥር እዚህ ማን ይፈልጋል? ከመጣ ጀምሮ ተኝቶ ነው።" በጥፍሩ ጎኑን ጫን ሲለው፣ በጋ ላይ እንደ ጥቁር አፈር የተሰነጣጠቀ ቀጭን መስመር ታየ።

"አንድ ቀን ሳይሄድ አረጀ?" አለ አባዬ።

"ምነው መሪጌታ! የቆመ ነገር አያረጅም ያለህ ማነው?"

አባዬ እጁን ከጎማው ላይ አላነሳም። ማኪናዋን አስነስቶ፣ አዳምጦ፣ ሲያጠፋትም እጁ እንዲሁ ኮፈኖው ላይ ይቀራል።

ሌላ ምርጫ ነበር። በልኳ አዲስ ከአዲስ አበባ ማዘዝ። መቼ ይደርሳል? መንገዱ እንደፈቀደ። ወይም እዚያው ያሉትን፣ መሀላቸው ከቸርኬያችን የሚገጥም፣ ቁመታቸው ግን ዘለግ ያለ፣ ለድንጋይ የማይሰጉ ጎማዎች መውሰድ። "እነዚህን ካደረግህ ቀጥ ብላ ትሄድልሃለች፣ የአስፋልቱም ኩርባ አይከፋም። መሪውን እስከ ጥጉ ካጠመዘዝከው ግን ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይነክሰዋል" አለ አያ ታከለ። "መልኳም ይበላሻል። የት ልትሄድባት ነው?"

ይሄን የሚያህል ቀላል ጥያቄ! ጎማ የሚሸጥ ሁሉ ይጠይቃል። አባዬን ግን ያን ሁሉ ዓመት ስለ ጎማ ሲያወራ የት እንደሚሄድበት አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም። "እንግዲህ... ለጊዜው እንዘዝና እንጠብቅ ይሆናል..." ማለት ሲጀምር እጄን አየኋት። ወጥታለች።

"ትክል ድንጋይ" አልኩ። ድምፄ የፍየል ግልገል ነበር። "እናቴ ጋ። ዘለግ ያሉትን ስጠን።"

አያ ታከለ አባዬን አየ። አባዬ መሬት አየ። ከዚያ "ልጅቷ እንዳለችው" አለ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮቹን ጠይቀን ወጣን። ተከራዮቻችን ካልሲያቸውን ሰብስበው አጨበጨቡልን። አባዬ ነጠላውን አደግድጎ፣ መሪውን እንደ መቋሚያ ጨብጦ፣ እኔ በየኩርባው ዓይኔን ጨፍኜ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሳሉትን መላእክት ያህል ዓይን ቢሰጠኝ ሁሉንም እጨፍን ነበር። በሬዎች ቆመው አዩን። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጡሩንባውን ነፍቶ "መሪጌታ፣ ቀስ! እንዳትበሪ በሏት!" ብሎ አለፈን። በነገራችን ላይ ቀድሞን ነው።

ትክል ድንጋይ ገበያውን አልፈን፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ የሆነ ጠባብ አቀበት ይዘን፣ ዘለግ ያሉት ጎማዎች ድንጋዩን እየረገጡ፣ እማዬ በር ላይ ደረስን። ልብስ እያሰጣች ነበር። እኛን ከማየቷ በፊት ጎማውን አየች።

"ምነው፣ ይቺ ማኪና የወንድሟን ጫማ አድርጋ መጣች?"

አባዬ ወረደ። "ጎማ ጠፍቶ ነው" አላት።

"እስከ ዛሬ?"

"እስከ ዛሬ።"

እማዬ ያጠበችውን ጨርቅ ይዛ ቆመች። ውሃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ "በሉ ግቡ፣ ምሳ ደርሷል" አለች። እኔ ማኪናዋ ውስጥ ትንሽ ተቀምጬ ቀረሁ። ሦስታችን አንድ ገበታ ከቀረብን ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ልቆጥር ብዬ ተውኩት።

ምሳው ሸጋ ነበር፤ ወሬው ግን ስለ ጤፍና ስለ ዝናብ ብቻ ነበር። ሁለቱም ኩሩ ናቸው። አመሻሹ ላይ አባዬ ተነሳ። "እንግዲህ አየንሽ፣ ደህና ነሽ። እንሂድ።" እማዬ "እሺ" አለች። ወደ ሁመራ የምትሄድ ሰው እሺታ ነበር። አባዬ ሞተሩን አስነሳ፣ ሊያዞራት መሪውን እስከ ጥጉ ጠመዘዘ፣ ጎማው ፓራፋንጎውን ነከሰ። ጭርርርር! ወደ ኋላ፣ ጭርርር። ወደ ፊት፣ ካብ። ቁልቁለቱን በኋላ ማርሽ እንዳይወርድ ደግሞ፣ አጎቴ ከአንድ እርምጃ በላይ ወደ ኋላ መሄድ አላስተማረውም። አጎቴ ራሱ ወደ ኋላ ሄዶ አያውቅም።

የሰፈሩ ጎረምሶች ተሰበሰቡ። "ጌታው፣ ለአራት አንስተን እናዙርልህ? ይቺ እኮ ከአልጋ አትከብድም!"

አባዬ ማኪናዋን አየ። ልጆቹን አየ። እማዬን አየ።

"ተው፣ ተው!" አለ። "ጎማውን ትጎዱብኛላችሁ።"

ማኪና በሰው እጅ ሲነሳ ጎማው ምን እንደሚጎዳ ፊዚክስ እስካሁን አላስተማረኝም። እማዬ ግን ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እስኪመጣ። ያን ሳቅ ረስቼው ነበር። "በል ግባ" አለችው፤ "ጎማህ እዚሁ ይደር።"

እሁድ እኔ ከጎረቤቷ ሴትዮ ጋር በሚኒባስ ተመለስኩ፤ ትምህርት አለኝ፣ አሁን ደግሞ እጄ በሌለችበት ክፍሉ ጭጭ ይላል። አባዬ "ጎማውን አስተካክዬ እመጣለሁ" ብሎ ቀረ። መጀመሪያ መቀሱን ላኪልኝ አለ። ቀጥሎ ዘርፉን። ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪናውን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ላክሁለት። እማዬ ለሁመራዎቹ እምቢ ብላለች። በስልክ "መቼ ትመጣላችሁ?" ስላቸው ከኋላ ሁለቱም ሲነታረኩ እሰማለሁ፤ ስለ ጨው ነው፣ ሰበቃ ነው፣ ሸጋ ነው። ከዚያ አባዬ ስልኩን ይቀበልና "ጎማ ብቻ ነው የቀረው" ይለኛል።

እኔ ፀዳ አክስቴ ጋ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ አንዳንዴ ማራኪ ጎራ ብዬ ግቢያችንን አያለሁ። አራቱ ድንጋዮች እዚያው ናቸው፤ ሳሩ መሀላቸው ማኪና የሚያህል ነጭ ሆኖ ቀርቷል። አንደኛው ላይ እቀመጣለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ እንዲሆኑ ነበር የፈለግሁት፤ ሆኑ። እኔ የት እንደምሆን ማሰብ ብቻ ነው የቀረው።

ትናንት አያ ታከለ ደወለ። በልኳ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ ደርሰዋል፤ አባዬ ያን ቀን ዞር ብሎ አዝዟቸው ኖሯል። "ሰፋፊ፣ አጫጭር፣ ሸጋ ናቸው። ለአባትሽ ንገሪው፣ ልቡ ያርፋል።"

"ዓመቱን አንብብልኝ" አልኩት።

አነበበልኝ። "የዘንድሮ ነው። በፈረንጅም ቢሆን!"

እነግረዋለሁ። እንዴት አልነግረውም? ናፍቀውኛል እኮ። ግን ጾሙ ይግባ፣ እማዬ ትንሽ ትሳቅ። ጎማው አዲስ ነው፤ ትንሽ ቢቀመጥ አያረጅም።