ለአንድ መንገድ የተገዛች መኪና

በእኛ በደብረ ታቦር መኪና የገዛ ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ከመባሉ በፊት «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ተብሎ ይጠየቃል። ጠያቂው መኪና ይኑረው አይኑረው ለውጥ የለውም። እንዲያውም የሌለው ነው አጥብቆ የሚጠይቅ። እኔም መናኸሪያ ውስጥ የሰው መኪና ሳሰማራ የምውል ሰው ነኝ፤ ከጫማዬ በቀር የራሴ የምለው መጓጓዣ የለኝም፤ ስለ ናፍጣ አውራ ካላችሁኝ ግን ምሳችሁ ይቀዘቅዛል። ክርክሩ ሁልጊዜ ያው ነው። አንዱ ጉልበት ይላል፣ ሌላው ቁጠባ ይላል። ጉልበት ያላት ትጠጣለች፤ የማትጠጣዋ ደግሞ ዳገት ስታይ ውረዱና ግፉኝ ትላለች። ሁለቱን አስማምታ የያዘች መኪና እናንተ ካያችሁ ጠቁሙኝ፤ እኔ እስካሁን አላየሁም።

የአክስቴ ልጅ ይታይሽ ከዐረብ አገር የተመለሰች ጊዜ ይህንኑ ሙግት ይዛ መጣችብኝ። ስንት ዓመት የሰው ቤት ወለል ስትወለውል ያጠራቀመችውን መኪና ልትገዛበት ነው። ሌሎቹ ሲመለሱ ቤት ይሠራሉ፣ ሱቅ ይከፍታሉ፤ እሷ መኪና አለች። ምክንያቱን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። አባቷ ሲታመሙ እሷ ባሕር ማዶ ነበረች። የሰፈር ሰው በቃሬዛ ተሸክሟቸው ወደ ሆስፒታል ሲወጣ ዳገቱ ላይ ሕይወታቸው አለፈ፤ መርዶውን በስልክ ሰማች። ከዚያ ወዲህ «እናቴ በሰው ትከሻ አትሄድም» ከማለት ሌላ ነገር አልነበራትም።

መንደራቸው ከከተማው ብዙም አይርቅም፤ ወደ ጋሳይ ከተማ ከሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ተገንጥሎ ቁልቁል ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ሰው ከነቦቲው ይይዛል። ስለዚህ የቃሬዛ እድር አላቸው፤ ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ተራ አለው፣ በሽተኛ ሲኖር ተጠርቶ የሚቀር የለም። መንገድ ላይ ቃሬዛ ያገኘ ሰውም፣ በሽተኛውን ባያውቀው እንኳ፣ ትከሻውን ሳያስገባ አያልፍም። ይህ የማንም ሕግ አይደለም፤ ግን ሲጣስ አላየሁም።

እኔ ትንሿን መኪና ግዢ አልኳት። ታሸታለች እንጂ አትጠጣም ብዬ አስረዳኋት።

«የእኛን ዳገት ትወጣለች?» አለችኝ።

«በበጋ።»

«ሰው በበጋ ብቻ ነው እንዴ የሚታመም?»

በአራቱም ጎማ የምትጎትት፣ አሮጌ ግን ጉልበተኛ ፒካፕ ገዛች።

መኪናዋ መንደር የገባች ቀን እኔም ነበርኩ። እልልታው ቀለጠ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ምስጋናው መርቀው ሲያበቁ «እንግዲህ ትከሻችን ዐረፈ» አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰቅሎ የኖረው ቃሬዛ ወረደ። ሥራ ፈትቶ ከሚበሰብስ ብለው አግዳሚ ወንበር እንዲሆን አራት እግር ቸነከሩለትና ካሶኒው ላይ፣ ጭነት የሚጫንበት ኋላዋ ላይ፣ ጠፍረው አሰሩት። የተጠለፈበት ጠፍር ለመቀመጫ ይመቻል፤ እኔ ራሴ ተቀምጬበታለሁ። የተሸካሚዎቹም ተራ በዚያው ፈረሰ። መኪና እያለ ማን ተራ ይጠብቃል?

ከዚያ ናፍጣው መውጣት ጀመረ። ጨመረ ተብሎ ተንጫጭተን ሳንጨርስ ደግሞ ይጨምራል፤ ጨምሮም ከማደያው ይጠፋል፤ ከማደያው ጠፍቶ ከሰው ጓሮ በጀሪካን ብቅ ይላል። ለእናቷ ብላ የገዛቻት መኪና የገብስ ጆንያና የድንች ከረጢት ማመላለስ ያዘች፤ በገበያ ቀን ገበያተኛውን ቃሬዛው ላይ ደርድራ ትወጣለች። ለምን? ለናፍጣ። ናፍጣውስ? ድንቹን ለማመላለስ። ቀስ ብላ ስትነዳት ዳገቱ ያስቀራታል፤ ስትረግጣት የቀኑን ልፋት ትጠጣዋለች። ይህን እያወራችኝ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ልብ አይሞላም ነበር።

ቢሆንም አንድ ሙሉ ጀሪካን ከእናቷ መደብ ሥር ይቀመጣል። ሠርግ ቢመጣ፣ ትርፍ ቢገኝ አይነካም። ስሙ ራሱ «የእማ» ነው።

ሐምሌ ላይ የጎረቤት ምራት ምጥ ጠናባት። የዚያን ሰሞን መኪናዋ ደርቃ ቆማለች። ይታይሽ ጀሪካኑን ይዛ ስታመነታ አክስቴ ከመደቡ ላይ ሆነው «አፍስሺላት እንጂ፤ እኔ ምን ሆንኩ? ይኸው ተቀምጬ ጥጤን እፈትላለሁ» አሏት። አፈሰሰችው። ልጅቱ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች። ሳስበው እውላለሁ፤ ሌላ ምን ይደረግ ነበር? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ይታይሽ ባዶውን ጀሪካን ይዛ በእግሯ ከተማ ወጣች። ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

በፍልሰታ ጾም አንድ ጧት ደወለችልኝ። አክስቴ ሲያቃስቱ አድረው ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል። «ወንድምጋሼ፣ የትም ብለህ ናፍጣ ፈልግልኝ» አለችኝ። «ለአንድ መንገድ የሚሆን ብቻ።» አምቡላንስስ አትሉኝም? ደወልን። እሱም ናፍጣ ነው የሚጠጣ፤ እሱም ሰልፍ ላይ ነበር። ወጥቼ ባይ ከተማው በሙሉ ቆሟል። መኪናው ከማደያው እስከ መናኸሪያው ተደርድሮ ሾፌሮቹ «ተራዬን ነጠቅኸኝ» እየተባባሉ አንገት ለአንገት ተያይዘዋል። ማደያውን ለመንኩ፣ ሾፌር ለመንኩ፣ ጓሮ ለጓሮ ዞርኩ። ጠብታ የለም።

በዚያው ሰዓት ጋሽ ምስጋናው ሰዎቻቸውን ሰብስበው ደጇ ቆመው ነበር። ኋላ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

«ይታይሽ፣ ልጄ፣ ቃሬዛውን እንፍታው» አሏት።

«አይሆንም ጋሼ። አባቴን ሸኝታችሁበታል። ትንሽ ታገሡኝ፣ ናፍጣው ይመጣል።»

ሰዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝናብ ላይ ቆሙ። መኪናዋ የእሷ፣ ቃሬዛው መኪናዋ ላይ፣ በሽተኛዋም እናቷ፤ ማን ይጋፋታል? ቀትር ሲያልፍ ደወልኩና «የለም» አልኳት። የአክስቴ ማቃሰት በስልኩ ይሰማኛል። ከዚያ «ፍቱት» ስትላቸው ሰማሁ።

ከከተማው መግቢያ ላይ ጠበቅኋቸው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ። ያንን ሁሉ የተገተረ መኪና እያለፈ የሚሄድ ቃሬዛው ብቻ ነበር። አንዱ ሾፌር «ባለችኝ ላድርሳቸው» ብሎ ሞተሩን ሊያስነሳ ታገለ፤ ሳል ብቻ ወጣው። ከዚያ ሁሉም ወረዱ። ጧት በተራ የተናነቁት ሰዎች ተራቸውን ጥለው ከቃሬዛው ሥር ገቡ፤ እኔም ገባሁ። ይታይሽ የእናቷን እጅ ይዛ ከጎን ትሮጣለች፣ ታለቅሳለች። አክስቴ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ምን ያስለቅስሻል? ያው በመኪናሽ ነው የምሄድ፤ ወንበሩ የእሷ አይደለም?» አሏት። ያንን ያሉት እሷን ለማጽናናት ነበር።

ሐኪሙ አንጀታቸው ታጥፎ እንደቆየ ነገረን። «ጧት ብታመጧቸው ኖሮ» አለና የቀረውን ሳይጨርስ ተወው። ቃሬዛ ጧት ይነሣ ቢባል ጧት ይነሣ ነበር። ይታይሽም ታውቀዋለች፤ አንድም ሰው ፊቷ ላይ አላነሣባትም። በማግሥቱ አክስቴን በዚያው ቃሬዛ መለስናቸው።

ከአክስቴ አርባ በኋላ ናፍጣ ገባ። ቃሬዛው የተቸነከረለት እግር ተነቅሎ፣ የምስማሩ ቀዳዳ እንዳለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተመልሶ ተሰቀለ፤ ተራውም ተመለሰ። መኪናዋን የሚገዛ ሰው ያገኘሁላት እኔ ነኝ። ሰውየው ኮፈኗን ከፍቶ አየ፣ ከሥሯ ተንጋሎ አየ፣ ሞተሯን አስነሥቶ አዳመጠ። ጉልበቷን ወደደው። ከዚያ እጁን እየጠረገ ያችን የከተማችንን ጥያቄ አመጣት።

«በሊትር ስንት ትሄዳለች?»

ይታይሽ ጥቁር ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገች። «እሱን አልያዝኩትም ወንድሜ» አለችው። «እኔ ለአንድ መንገድ ነበር የገዛኋት። እሱን አልሄደችልኝም።»

ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበለው? በክረምት ያንን ዳገት ትወጣለች አልኩት። እውነቴን ነው፤ ትወጣለች።