የሴል ሽፋን ባለበት እንዲቆም በድምፅ ብልጫ የተወሰነበት ስብሰባ

ቀን፦ ረቡዕ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ አርባ ምንጭ፣ የትምህርት ቤታችን ንብረት መጋዘን (የመሰብሰቢያ ክፍሉ ቁልፍ ስላልተገኘ)
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡50 ተጀመረ።

የተገኙ የውጤት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አባላት፦
1. አቶ ደግነት፣ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ልክነሽ፣ የንብረት ኃላፊ
3. መ/ርት አይዳ፣ የኬሚስትሪ መምህርት
4. አቶ ኤርጫፎ፣ የበር ጥበቃ
5. መ/ር ሀብተሚካኤል፣ የባዮሎጂ መምህር፣ ጸሐፊ። ቅሬታው የቀረበበትም እሱ ነው፤ ሌሎቹ አባላት ጽሑፋቸው ስለማይነበብ በጸሐፊነት እንዲቀጥል ተደርጓል።

ያልተገኙ፦ መ/ርት እድላዊት፣ በወሊድ ፈቃድ።

ምልዓተ ጉባኤው አምስት ሰው ነው። አራት ብቻ ስለተገኙ አቶ ኤርጫፎ የግቢውን በር ቆልፈው፣ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው እንዲመጡ ተደርጎ ጉባኤው ሞላ።

አጀንዳ 1፦ ቅሬታ አቅራቢዋ ያልቀረበችበትን ምክንያት ስለማጣራት

ሰብሳቢው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቦንቱ በራሷ ጉዳይ ላይ አለመገኘቷ ለኮሚቴው ያላትን ንቀት እንደሚያሳይ ገለጹ። መ/ርት አይዳ በመስኮት ተመልክተው ተማሪዋ ከበሩ ውጭ ቆማ እየተጣራች መሆኑን አስታወቁ። አቶ ኤርጫፎ ሄደው ልክፈት አሉ። ሰብሳቢው እሳቸው ከወጡ ጉባኤው እንደሚጎድል አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ቁልፉ ብቻውን እንዲወጣ ተወስኖ በመስኮት ተወረወረላት። ተማሪዋ ከፍታ ገባች፣ መልሳ ቆለፈች፣ ቁልፉንም አስረከበች። አቶ ኤርጫፎ በአሥራ አራት ዓመት አገልግሎታቸው ቁልፋቸው ያለ እሳቸው የትም ሄዶ እንደማያውቅ በልዩነት አስመዘገቡ።

አጀንዳ 2፦ ቅሬታውን ስለመስማት

ጥያቄ 17 እንዲህ ይላል፦ «የሴል ሽፋን የተሠራባቸው ክፍሎች ከቦታቸው ሳይነቃነቁ እንደ ግድግዳ ይቆማሉ። እውነት ወይስ ሐሰት?» ቦንቱ «ሐሰት» ብላ ጻፈች። ጸሐፊው ሁለት ማርክ ቀነሰ። በዚህም ቦንቱ 90፣ ተማሪ አሞጽ 91 ሆኑ። ለዞኑ የጥያቄና መልስ ውድድር የሚላከው አንድ ተማሪ ብቻ ሲሆን ስሙም ዛሬ እስከ 11፡00 ለዞኑ መልእክተኛ መሰጠት አለበት።

ቦንቱ መጽሐፍ ገልጣ አስረዳች። ሽፋኑ ጥንድ የቅባት ረድፍ ነው፤ የእያንዳንዱ ቅንጣት ራስ ውሃ ስለሚወድ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይዞራል፤ ጅራቶቹ ውሃ ስለሚሸሹ መሃል ይደበቃሉ። የሚቸነክራቸው ነገር ስለሌለ ጎን ለጎን ይንሸራተታሉ። በመካከላቸው ያሉት ፕሮቲኖችም አብረው ይንሳፈፋሉ።

ጸሐፊው መልስ እንዲሰጥ ተጠየቀ። ይህንኑ ማስታወሻ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቃል ሳይቀይር እንዳስተማረ፣ ማስታወሻውንም ከራሱ መምህር እንደገለበጠ፣ እስከ ዛሬ ቅሬታ እንዳልቀረበበት አስረዳ። መ/ርት አይዳ አዲሱን መጽሐፍ አይቶት እንደሆነ ጠየቁት። መጽሐፉ መምጣቱን ማንም እንዳልነገረው መለሰ።

ወ/ሮ ልክነሽ፦ «ሀብቴ፣ የተቀመጥክበት ካርቶን ውስጥ እኮ ነው ያለው።»

ካርቶኑ ተፈትሾ እውነት ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው ሌላ መቀመጫ ስለሌለ እዚያው ቀጠለ። መ/ርት አይዳ ነገሩ በአሮጌውም መጽሐፍ እንደነበረ ጨምረው ገለጹ። ጸሐፊው ጭማሪው እንዳይመዘገብ ጠይቆ በድምፅ ተሸነፈ።

አጀንዳ 3፦ የሴል ሽፋን ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም?

ሰብሳቢው ጥያቄ 17 ዘንድሮ ስህተት ከሆነ አምናም፣ ካቻምናም ስህተት መሆኑ እንደማይቀር አስጠነቀቁ። እሳቸው ራሳቸው በ2000 ዓ.ም. በዚሁ ትምህርት ቤት የጸሐፊው ተማሪ እንደነበሩ፣ «እውነት» ብለው ሁለት ማርክ እንዳገኙና ያለ ሁለቱ ማርክ ማለፋቸው አጠራጣሪ እንደነበር ለኮሚቴው በግልጽ ተናገሩ። ወ/ሮ ልክነሽም ልጃቸው በዚሁ መልስ አልፎ በምዕራብ ዓባያ ጤና መኮንን መሆኑን ጠቅሰው «እና አሁን ጋውኑን ይግፈፉት?» አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። እንዲቆም፦ ሦስት (ሰብሳቢው፣ ወ/ሮ ልክነሽ፣ ጸሐፊው)። እንዲንቀሳቀስ፦ አንድ (መ/ርት አይዳ)። ድምፀ ተአቅቦ፦ አንድ። አቶ ኤርጫፎ «እኔ የማውቀው በር ነው» ብለዋል።

ውሳኔ፦ የሴል ሽፋን ከዛሬ ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለበት ይቆማል። ከግቢ ውጭ ያሉ ሴሎች ጉዳይ ከኮሚቴው ሥልጣን በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

አጀንዳ 4፦ የአምስት ደቂቃ ማሳያ (በተማሪዋ ጥያቄ የተጨመረ)

ቦንቱ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሳህን ውሃና አንድ የቀርከሃ ስንጣሪ ጠየቀች። ወ/ሮ ልክነሽ ሳሙና ያለ ሞዴል 22 ወጪ እንደማይሆን፣ ቀርከሃውም ለኤግዚቢሽን ከተጀመረው የዶርዜ ቤት ሞዴል የተረፈ ንብረት መሆኑን አስገነዘቡ። ሞዴል 22 ተሞላ። ፈራሚ ስለጠፋ ጸሐፊው በራሱ ላይ ለሚቀርብ ማስረጃ ፈረመ።

ተማሪዋ ስንጣሪውን አጉብጣ ቀለበት ሠራች፣ ሳሙናው ውስጥ ነክራ አወጣች፤ ቀለበቱ ላይ ስስ ሽፋን ተዘረጋ። እርሳሷን አርጥባ በሽፋኑ አሳለፈች። አልፈነዳም። እርሳሷን ወዲያ ወዲህ አንሸራተተች፤ ሽፋኑ አብሮ ተንሸራተተ። ስታወጣው ቀዳዳው ተዘጋ። ሰብሳቢው በደረቅ ጣት ሞክረው ስላፈነዱት ማሳያው ውድቅ ነው አሉ። ጣታቸውን አርጥበው እንዲደግሙ ተነገራቸው፤ ስድስት ጊዜ ደገሙ። ወ/ሮ ልክነሽ የመጋዘኑን ቁልፍ አርጥበው በሽፋኑ አሳለፉ። በዚህ መልኩ ከአጀንዳ ውጭ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል።

መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ሞከረ። ጣቱን ካወጣ በኋላ ቀዳዳው የነበረበትን ቦታ ፈልጎ አጣው።

መ/ርት አይዳ በሳሙናው ሽፋን ላይ ውሃው መሃል፣ ጅራቶቹ ውጭ መሆናቸውን፣ ይህም የሴል ሽፋን ተገላቢጦሽ መሆኑን አስታወሱ። ጸሐፊው ይህን በደስታ መዘገበ። ቦንቱ ግን ቅሬታዋ ስለ አደራደሩ ሳይሆን ስለ መንሸራተቱ መሆኑን መለሰች።

ሰብሳቢው ሽፋኑ ግድግዳ ካልሆነ ሴሉን ማን ይጠብቀዋል ብለው ጠየቁ። አቶ ኤርጫፎ እጅ አውጥተው እንዲህ አሉ፦ «ግድግዳ ብቻውን ቢበቃ እኔን ለምን ቀጠራችሁኝ? ተማሪ በዩኒፎርም ይገባል። ከላንቴ የሚመጣ የሙዝ ጋሪ ተፈትሾ ይገባል። ሰካራም አይገባም። ጦጣም አይገባም፤ ግን ይገባል።»

ቦንቱ፦ «ፕሮቲኑ እሳቸው ናቸው፣ ቲቸር። የሚገባውን መርጦ ያስገባል። ደግሞ ዛሬ ከበር ተነስተው እዚህ ተቀምጠዋል። ተንቀሳቅሰዋል ማለት ነው።»

ኮሚቴው አቶ ኤርጫፎን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተ።

ውሳኔ፦ በአጀንዳ 3 የቆመው የሴል ሽፋን እንዲንቀሳቀስ፣ ለቦንቱ ሁለት ማርክ እንዲሰጥ፣ ከ2017 ዓ.ም. በፊት «እውነት» ብለው ያለፉ ሁሉ ሰብሳቢውን ጨምሮ እንዳይነኩ በአራት ድምፅና በአንድ ተአቅቦ (ሰብሳቢው) ተወሰነ።

አጀንዳ 5፦ ሳይታሰብ የተነሳ

10፡40 ላይ የዞኑ መልእክተኛ ሞተር ሳይክል በሩ ላይ ክላክስ አደረገ። አቶ ኤርጫፎ ፈቃድ ሳይጠይቁ ተነስተው ሄዱ። አራት ሰው ቀረ። መ/ርት አይዳ ደንቡን አነበቡ፦ ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ጉባኤው ከጎደለ የዕለቱ ውሳኔዎች ሁሉ ይሻራሉ። ቀጣዩን አንቀጽም አነበቡ፦ የውጤት ስህተት የሚያርመው የትምህርቱ መምህር ነው፤ ኮሚቴ የሚያየው መምህሩ እምቢ ሲል ብቻ ነው።

ሰብሳቢው ጸሐፊውን እምቢ ብሎ እንደሆነ ጠየቁት። ጸሐፊው ሰኞ በእረፍት ሰዓት ተማሪዋ ይህንኑ መጽሐፍ ይዛ ስትመጣ ሳያየው «በኮሚቴ ይታያል» ብሎ እንደመለሳት አመነ።

ወ/ሮ ልክነሽ፦ «ለዚህ ነው ሳሙናዬ ያለቀው?»

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከአጀንዳ 1 እስከ 4 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የሴል ሽፋን ከስብሰባው በፊት ያደርግ የነበረውን ይቀጥላል። ጸሐፊው በቀይ እስክርቢቶ ጥያቄ 17ን አርሞ 92 ጻፈ፣ ፈረመም። የቦንቱ ስም 10፡52 ላይ ለመልእክተኛው ተሰጠ።

ቦንቱ አመስግና ጥያቄ 23ንም እንዲያይላት ጠየቀች።

ስብሰባው 10፡55 ላይ አበቃ። ጸሐፊው ከካርቶኑ ላይ ተነስቶ አንድ መጽሐፍ በሞዴል 22 ፈርሞ ወሰደ።