የአቶ መልከጸዴቅ የዕድሜ ልክ አበምኔትነትና የእንግዶች እግር

ቀን፦ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ አሜሪካ፣ ሌክ ሲቲ ሰፈር፣ ወ/ሮ ሮማነወርቅ የሚኖሩበት አፓርትመንት የጋራ አዳራሽ

የተገኙ፦
1. አቶ መልከጸዴቅ፣ ሰብሳቢ (የሥራ ዘመናቸው ዛሬ ያበቃል)
2. ወ/ሮ ሮማነወርቅ፣ አባል
3. አቶ ወንዳፍራሽ፣ አባል
4. ቴዲ፣ አባል
5. አክሊሉ፣ ጸሐፊ

ከሰባቱ የታሪክ አንባብያን ማኅበር አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የተሟላው ቴዲ ፓርኪንግ ካገኘ በኋላ ነው።

አጀንዳ 1፦ ስለ ማኅበሩ የውስጥ ለውጥ («ተሐድሶ» የሚለው ቃል ጠብ ያነሳል ስለተባለ ተሰርዟል)

ሰብሳቢው በወሩ የተነበበውን መጽሐፍ ጠቅሰው፣ በአሥረኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ገዳማት የላላ ሥርዓታቸውን በአንድ ደንብ እንዳጠበቁ፣ በደንቡም አበምኔቱ አንዴ ከተመረጠ እስኪሞት እንደሚመራ አስረዱ። ማኅበሩም ይህንኑ እንዲከተል ጠየቁ። ወ/ሮ ሮማነወርቅ፣ «ጋሼ፣ የሥራ ዘመንዎ ዛሬ እንደሚያልቅ መጽሐፉ ነግሮዎታል?» አሉ። ሰብሳቢው ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ደንቡ እንዳለ እንዲጸድቅ፣ ሰብሳቢውም የዕድሜ ልክ አበምኔት እንዲሆኑ ተወሰነ። አቶ ወንዳፍራሽ እልል አሉ።

አጀንዳ 2፦ በሚቀጥለው ወር ከጎረቤት ከተማ ከፌደራል ዌይ ስለሚመጡ እንግዶች

ወ/ሮ ሮማነወርቅ አሁን ከጸደቀው ደንብ ላይ፣ አበምኔቱ ከመላው ማኅበር ጋር የእንግዶችን ሁሉ እግር እንደሚያጥብ አነበቡ። እንግዶቹን ይዘው የሚመጡት አቶ መንግሥቴ መሆናቸውንም አስታወሱ። አቶ መንግሥቴ ባለፈው ዓመት ሰብሳቢውን በሰው ፊት «የሽፋን አንባቢ» ያሏቸው ናቸው።

ሰብሳቢው፣ «እኔ የመንግሥቴን እግር? ከሞትኩ በኋላ!» አሉ። ወ/ሮ ሮማነወርቅ፣ ከሞቱ በኋላማ አበምኔት አይደሉም አሉ።

ቴዲ፣ «ሶ፣ የሚመጡት በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና በመኪና አይደል? ጎማቸውን እንጠብላቸውና እንገላገል» የሚል ሐሳብ አቀረበ። አቶ ወንዳፍራሽ ደገፉ። ጸሐፊው ደንቡ ሲጻፍ ጎማ እንዳልነበረ ድምፁን ከፍ አድርጎ አስረዳ። ከዚያም ካልሲ ሳይወልቅ ይታጠብ የሚል ማሻሻያ ቀርቦ፣ ሁለት ለሁለት በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ወደቀ።

ሰብሳቢው አበምኔትነቱ ይጽና፣ እግሩ ብቻ ይሰረዝ ሲሉ ለመኑ። ወ/ሮ ሮማነወርቅ፣ ደንቡ በችርቻሮ እንደማይወሰድ ገለጹ።

ውሳኔ፦ በሰብሳቢው በራሳቸው ጥያቄ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ስለዚህ የሥራ ዘመናቸው አብቅቷል።

ስብሰባውን ለመዝጋት ሥልጣን ያለው ሰው ስላልተገኘ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወ/ሮ ሮማነወርቅ መብራቱን አጠፉ። አቶ መልከጸዴቅ በጨለማው ውስጥ፣ «አንድ እግር ብቻስ ቢሆን?» ሲሉ ተሰምተዋል።