ግድግዳ የሚያቃናው ፎቶ አንሺ

ዘመም ያለ ነገር ሲያይ የሚያመው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ደብረ ታቦር ላይ ገጥሞኝ አድክሞኛል። ፎቶ አንሺ ነው። ሕንፃን በስልክ ሽቅብ ስታነሱት ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል አይደል? የእሱ ሌንስ ግን ወደ ላይ ስለሚንሸራተት፣ ካሜራው ሽቅብ ሳያንጋጥጥ ሕንፃው ቀጥ ብሎ ይወጣል። እስከዚህ መልካም።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት የአንዱ መማሪያ ክፍል ግድግዳ በክረምቱ ዝናብ ዘመመ። የትምህርት ቢሮው «ለጥገና በፎቶ አስደግፋችሁ አመልክቱ» ስላለን ይህንኑ ሰው ጠራነው። እሱም ግድግዳው ከፎቶው ጠርዝ ጋር እስኪገጥም ካሜራውን ወደ ጎን ሲያጋድል አረፈደ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ መሪጌታ ፎቶውን ሲያዩ ደነገጡ።

«ልጄ፣ መዝመሙን አሳይልን አልንህ እንጂ አቅናልን አልንህ?»

«መሪጌታ፣ ጠማማ ፎቶ ከእጄ አይወጣም!»

የማመልከቻው ጊዜ የሚያበቃው በዚያው ቀን ስለነበር ያንኑ ፎቶ ላክን። ፎቶው ላይ ግድግዳው ሲቃና፣ ከጎኑ ያለው የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ በተራው ዘምሞ ወጥቷል። መልሱ መጣ፦ «ክፍሉ ደህና ነው፤ ምሰሶው ስለዘመመ ግን ባለሙያ ልከናል።» ባለሙያዎቹም ቀጥ ብሎ የቆመውን ምሰሶ በሲሚንቶ አጠናክረው ሄዱ።

አሁን ተማሪዎቼን የማስተምረው ምሰሶው ሥር ነው። በግቢያችን የማያሰጋው እሱ ብቻ ነው።