ከፊት ለፊት ፎቶ የተነሳው ቤቴ

የበደለኝ ሰው ሙሉቀን ይባላል። የወረዳው ኮሙኒኬሽን ነው። ኮሙኒኬሽን ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ እኔም አላውቅም ነበር፣ ሹም በሄደበት እየተከተለ ፎቶ የሚያነሳና ያነሳውን ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ሰው ማለት ነው። ድሮ መንግሥት ነገር ሲኖረው ጥሩንባ ያስነፋ ነበር፤ ሰውም ወጥቶ ሰምቶ፣ አጉረምርሞ ይገባል። ዛሬ መንግሥት በየኪሳችን ገብቷል። ይግባ፣ ክፋት የለውም። ውሃ የሚጠፋበትን ቀን ቢነግረን፣ መታወቂያ የሚታደስበትን ሰዓት ቢነግረን እሰየው ነበር። እሱን ግን አይነግረንም። የሚነግረን መደሰታችንን ነው።

እኔም መደሰቴን የሰማሁት ከሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ ቤት ሊያድሱልኝ "አቅመ ደካማ" ብለው መዘገቡኝ። ለቡ ፎቅ ሲሠራ አሸዋ ተሸክሜ ልጅ ያሳደግሁትን ሴት! ቃሉን ዋጥኩት፤ ጣሪያዬ ወንፊት ሆኖ ነበርና፣ የቸገረው ሰው ስም አያማርጥም። መጡ፤ ባነር ሰቀሉ፤ አንድ ሹም ቢጫ ቆብ አድርጎ ከጣሪያዬ ምስማር ነቀለ። ፎቶው አልጠራም መሰለኝ፣ ምስማሩን መልሰው መቱለትና ደግሞ ነቀለው። አጨበጨብን። ከዚያ ወጣቶቹ አሮጌውን ቆርቆሮ እንዳለ አወረዱት። አዲሱ ደጄ ላይ ተቆልሎ አይቻለሁ፤ በዚህ ዓይኔ፣ ሙሉ ቤት የሚያለብስ ክምር።

ሰኔ ሊያልቅ ሆነ። በመሥሪያ ቤት ዓመት የሚያልቀው በሰኔ ነው፤ እስከዚያ ያላለቀ ሥራ ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሥራው ባያልቅም አለቀ። እየተሯሯጡ መጥተው በመንገዱ በኩል ያለውን የጣሪያ ጎን ብቻ አለበሱት፤ የፊቱን ግድግዳም ቀለም ቀቡት። ሙሉቀን ቁልፍ ተቀባይ አደረገኝ። የገዛ ቤቴን ቁልፍ! የኋላውስ ብዬ ብጠይቀው፣ ይህ ለፎቶ ነው እማማ፣ የኋላው በሳምንቱ ይጨረሳል አለኝ። ፈገግ ይበሉ ቢለኝ ግን አልሳቅኩለትም። እሱ ምን ቸገረው፣ "በደስታ ብዛት እንባ የተናነቃቸው እናት" ብሎ ጻፈው።

ከዚያ ወዲያ ማንም ዝር አላለም። ክረምቱ ገባ። አሁን ቤቴ ከመንገድ ሲያዩት ሙሽራ ነው፤ ከጓሮ ሲያዩት ሰማይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሰማይ አለኝ በቤቴ። ላስቲክ ብወጥርበት የፉሪ ነፋስ ይዞት ሄደ። ቤቱ የጭቃ ነው፤ የኋላው ግድግዳ ከራሰ ማንንም አይጠይቅም፣ የሚወድቀው ወደ አልጋዬ ነው።

ወረዳ ሄድኩ። የቤት እድሳቷ ልጅ ጨዋ ናት፤ ወንበር ሰጠችኝና ስልኳን አወጣች። እማማ አስካለ፣ ቤትዎ ታድሶ ተረክበዋል፣ ይኸው አለችኝ። ልጄ፣ ቅርብ ነው፣ ተነሺና በዓይንሽ እዪው አልኳት።

"እማማ፣ ፔጅ ላይ ተለቋል እኮ፤ የተለቀቀ ነገር እንዴት ይመለሳል?"

እግር ያለው ሰው ስልክ አይቶ ይፈርዳል፤ ጉድ ነው።

ይህም ሆኖ እድር አለኝ ብዬ እጽናና ነበር፤ ቆርቆሮ ሊገዙልኝ ተስማምተው ነበርና። የእድሩ ዳኛ አቶ ገብሬ መንገድ ላይ አገኙኝና እንኳን ደስ አለሽ፣ ፎቶሽን አየን፣ ያንቺን ለሌላ ችግረኛ አዞርነው አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ ጓሮ ወሰድኳቸው። ቀና ብለው ደመናውን አዩ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ከፎቶው ሥር "ጣሪያው ከኋላ የለም" ብለው ጻፉልኝ። ያቀረብኩላቸው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጽሑፉ ጠፋ፤ ቀጥሎ አቶ ገብሬም ከገጹ ታገዱ። ጉዳዬን በዚህ ፍጥነት ያየልኝ መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።

አመሻሹ ላይ ሙሉቀን ራሱ ደጄ መጣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ለምን ያስወቅሱኛል እማማ ብሎ ተለማመጠኝ። ነገ የጎረቤቴ የብርቄ ቤት እድሳት ይጀመራል፤ እኔም መጥቼ "የታደሰልኝ እኔ ነኝ" ብዬ ባመሰግን፣ ከእሷ የሚተርፈውን ቆርቆሮ ለቤቴ ኋላ እንደሚያመጣልኝ ነገረኝ።

"ያልተጀመረ ቤት ቆርቆሮው በምን ይተርፋል?" አልኩት።

"ሁሌም ይተርፋል፣ እማማ።"

ሳያፍር ነው ያለኝ፤ ክረምት ይዘንባል እንደሚል ሰው። የእኔ ቆርቆሮ የት እንደገባ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ተርፎ ነበር።

እሱ ሲሄድ ብርቄን በአጥር ጠርቼ ነገርኳት። ጣሪያሽ ቢያፈስም ጣሪያ ነው፣ አታስወርጂው አልኳት። ነጠላዋን አጥባ እያሰጣች ነበር።

"ተይኝ አስካለ። አንቺን ሰምተው ቢተዉኝስ?"

ምን ትሏታላችሁ? እኔም ግንቦት ላይ ብትነግሩኝ የምመልሰው ይህንኑ ነበር። ለማን አቤት ይባላል? ሹሙ ፎቶውን ያምናል፣ እድሩ ፎቶውን ያምናል፣ ብርቄ እንኳ ከእኔ ጓሮ ይልቅ ፎቶውን ታምናለች። ያላመነው ዝናቡ ብቻ ነው፤ እሱ ፌስቡክ የለውም። የእኔ ግድግዳ እስከ ነሐሴ አይደርስም፤ ይህን አውቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ባነሩ ሳይሰቀል ብርቄ ደጅ ደረስኩ። የቆርቆሮው ክምር እንደ እኔው ጊዜ ሙሉ ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ላዩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሰው ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ክረምት እንደማይዘልቅ አውቃለሁ። ሙሉቀን ካሜራውን እንዳንጠለጠለ መጣና፣ እማማ፣ ይነሱ እንጂ፣ ምስጋናው በዚህ በኩል ነው አለኝ። የመጨረሻው ቆርቆሮ ብርቄ ጣሪያ ላይ ሲመታ እነሳለሁ፣ እስከዚያ ከዚሁ አንሳኝ አልኩትና፣ ካፊያው ሲጀምር ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አደረግሁ።