የረካ ተገልጋይ አደን

መሥሪያ ቤት የሚቋቋመው ሕዝብን ለማገልገል ነው የሚሉ አሉ። ይህ ሥልጠና ያልወሰደ ሰው አስተሳሰብ ነው። መሥሪያ ቤት የሚቋቋመው ሕዝብ መገልገሉን የሚያሳይ ማስረጃ ለማዘጋጀት ነው፤ ማስረጃው በወቅቱ ከተገኘ ሕዝቡ ትንሽ ቢቆይም አይበላሽም። ይህን ታላቅ እውነት በመንዝ ደጋ ላይ ካሉት ወረዳዎች አንዷ ከሁሉ ቀድማ ተረድታው ነበር። ስሟን ያልጠራነው ሌሎቹ እንዳይቀኑ ብለን ነው።

እትዬ አረጋሽ ግን ይህ አልገባትም። እሷ የገባት ጎረቤቷ ጌጡ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ በየክረምቱ ሁለት ሁለት ትልም ድንበር እየገፋ የገብስ ማሳዋን እኩሌታ ሊበላው መድረሱ ብቻ ነው። ከሰሰችው። ዳኛውም፣ "የይዞታ ደብተርዎን ለሐሙስ ይዘው ይቅረቡ፤ ካላመጡ ባለው ማስረጃ ይወሰናል" አሏት። ደብተሩ ተጽፎ፣ ጉርድ ፎቶዋ ተለጥፎበት፣ በወረዳው መሬት አስተዳደር መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። የጎደለው አንድ ክብ ማኅተም ነው። ለዚያ ማኅተም ዘጠኝ ወር ተመላልሳለች። በዘጠኝ ወር ሰው ይወለዳል፤ ማኅተም ግን የራሱ ጊዜ አለው።

ማክሰኞ ጠዋት የሱፍ ባናዋን ደርባ ግቢው ስትደርስ በሮቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። ሠራተኛው በሙሉ ሜዳው ላይ ተሰልፎ ከደብረ ብርሃን የመጣ አሠልጣኝ ያዳምጣል። አሠልጣኙ ኮፍያ አድርጎ ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሏል።

"የለውጥ ሥራችን ቁልፍ ማነቆ የቡድን መንፈስ እጥረት መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል" ይላል። "ስለዚህ ዛሬ ቢሮ ተዘግቶ የፎቶ አደን ይካሄዳል። እያንዳንዱ ቡድን በዝርዝሩ የተጻፈውን ሁሉ በካሜራ አድኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይመለስ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።"

ቡድኑ የተመደበው በዕጣ ነው፤ ዓላማው የማይተዋወቁ ሰዎችን ማቀራረብ ስለሆነ። በዚህ በኩል ወረዳዋ ሀብታም ናት፤ ሰባት ዓመት በአንድ ግቢ ሠርተው ስም ያልተጠያየቁ ሠራተኞች ሞልተዋታል። ለሦስተኛው ቡድን የመሬት አስተዳደሩ ምንተስኖት፣ የመዝገብ ቤቷ ኮከብ እና የግብርናው አፈወርቅ ደረሱት። አራተኛው አባል የአክስቱ ልጅ ሰርግ ስለነበረበት በመስክ ሥራ ላይ ነው።

"ቡድን ካልሞላ አይወዳደርም" አለ አሠልጣኙ። "ከኅብረተሰቡ አንድ ሰው ተኩ።"

ኅብረተሰቡን ፍለጋ ዞር ሲሉ፣ ኅብረተሰቡ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

"እትዬ አረጋሽ፣ ከእኛ ጋር ይሁኑ" አላት ምንተስኖት። "አደኑ እንዳለቀ ማኅተሙን እናስመታልዎታለን።"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እሺ አለች።

በመመሪያው መሠረት ሥራው የሚጀመረው በትውውቅ ነው። ሦስቱ ሠራተኞች እርስ በርስ ተያዩ።

"እኔ ላስተዋውቃችሁ" አለች አረጋሽ። "ይህ ምንተስኖት ነው፤ 'ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ሲመጣ ይመለሱ' ይላል። ይህች ኮከብ ናት፤ 'ፋይሉን ምንተስኖት ይጠይቅ' ትላለች። ይህ አፈወርቅ ነው፤ ማሳውን ለክቶ ይፈርማል ተብዬ አራት ጊዜ ብመጣ ወንበሩ ላይ ጃኬቱን ብቻ አገኘሁ። ሰውየውን ዛሬ በማየቴ ደስ ብሎኛል።"

ተጨባበጡ። "አንተ ነህ እንዴ ያን ሁሉ ደብዳቤ የምትጽፍልኝ?" አለች ኮከብ ምንተስኖትን። የሁለቱ ቢሮ አንድ ግድግዳ ይጋራል።

የዝርዝሩ መጀመሪያ "በዘመቻ ከተተከሉት ችግኞች የጸደቀ አንድ" ይላል። አፈወርቅ ሪፖርቱን በቃሉ ያውቀዋል። "አሥራ ሁለት ሺህ ተክለን ዘጠና ስድስት በመቶው ጸድቋል" አለ፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ ጠፍቶት ቆመ። አረጋሽ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ወሰደቻቸው። አንድ የጽድ ችግኝ አለ። ደጅ በጠናችበት ቀን ሁሉ ከኮዳዋ የተረፋትን ውኃ እያፈሰሰችለት ነው የቆየው። አፈወርቅ ተንበርክኮ፣ እንደ ወለደው ልጅ አቅፎት ፎቶ ተነሣ።

ሁለተኛው "የተከፈተ የአስተያየት መስጫ ሣጥን" ነው። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ፤ ሣጥኑ ሲገዛም ተቆልፎ ነበር የሚሉ ነበሩ። በድንጋይ ሰበሩት። ከውስጡ አራት ወረቀት ወጣ፤ አራቱም አረጋሽ በገበያ ቀን ለማመልከቻ ጸሐፊ እየነገረች ያስጻፈቻቸው አቤቱታዎች ናቸው።

"እሰይ፣ አሁን እንኳ አንብቡልኝ" አለች።

"ጊዜ የለንም እትዬ" አለ ምንተስኖት። ወረቀቶቹን ዘርግቶ ፎቶ ካስነሣቸው በኋላ አጣጥፎ መልሶ ከተታቸው። የሕዝብ አስተያየት በጥንቃቄ መያዝ አለበት።

ሦስተኛው "የቡድኑ አባላት በሙሉ፣ እግራቸው ከመሬት ተነሥቶ" ይላል፤ ይህ ተነሣሽነትን ያሳያል ተብሏል። ከሌላ ቡድን አንድ ሰው ካሜራውን ያዘላቸው። አረጋሽ አምሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከልጅነቷ ወዲህ ዘልላ አታውቅም።

"ምነው ልጆቼ፣ ባሌን የቀበርሁ ሴት አይደለሁ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ማኅተሙ" አላት ምንተስኖት።

ባናዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ዘለለች። አፈወርቅ ቶሎ ቶሎ እየወረደ ስላስቸገረ አምስት ጊዜ ተደገመ። ወደ ገበያ የሚያልፈው ሰው አጥሩን ተደግፎ ያያል። አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ግን ሐሙስን አሰበችና በስድስተኛው ከሁሉም በላይ ዘለለች።

የመጨረሻውና ነጥቡ የሚበዛው "ከልቡ የረካ ተገልጋይ" ነው። ሌሎቹ ቡድኖች የረካ ሰው ፍለጋ ከተማውን አሰሱት። አረቄ ቤት ውስጥ ጥቂት አገኙ፤ የረኩት ግን በሌላ አገልግሎት ነው። ምንተስኖት አስተዋይ ሰው ነውና ቢሮውን ከፈተ፣ መሳቢያውን ሳበ፣ የአረጋሽን ደብተር አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበላት።

ገለጠችው። ማንበብ አትችልም፤ ጉርድ ፎቶዋን ግን አወቀችው። ማሳዋ ተመልሶ እጇ የገባ መሰላትና ከልቧ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ በዚያ ቢሮ ታይቶ አይታወቅም። ኮከብ ፎቶውን አነሣች።

"በጣም ጥሩ" አለ ምንተስኖት፤ ደብተሩንም ከእጇ ወስዶ ወደ መሳቢያው መለሰው።

"ምነው ልጄ?"

"ማኅተም የለውማ እትዬ። ያለ ማኅተም ሰነድ ማውጣት ያስጠይቀኛል።"

ሦስተኛው ቡድን አንደኛ ወጣ። የወረዳው ኃላፊ ሰፊ ንግግር አደረጉ፤ "ሕዝባችን እርካታውን በጥርሱ መስክሯል" አሉ። ለተሳታፊው ሁሉ የምስክር ወረቀት ታደለ። ለአረጋሽም ደረሳት፤ ግርጌው ላይ ያ ዘጠኝ ወር የጠበቀችው ክብ ማኅተም ጥርት ብሎ ተመትቷል። ይዛው ወደ ኮከብ ሮጠች።

"ይኸው ማኅተሙ ተገኝቷል። ደብተሩ ላይም ምቱልኝ።"

"ቀለሙ አለቀ እኮ እትዬ" አለች ኮከብ። "ስድሳ የምስክር ወረቀት ነው የመታነው። ነገ ይምጡ።"

ረቡዕ መጣች። ምንተስኖት ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት፤ የቡድን መንፈስ ተፈጥሯላ።

"የእርስዎ ጉዳይ ትናንት ለዞን ሪፖርት ተደርጓል" አላት። "ደብተርዎን ተረክበው፣ ረክተው ሄደዋል። ፎቶውም ተያይዟል።"

"ደብተሩ መሳቢያህ ውስጥ ነው ያለው።"

"እሱንማ አውቃለሁ። አሁን ብሰጥዎት ግን ሁለተኛ ጊዜ መስጠት ይሆናል። ለአንድ ማሳ ሁለት ጊዜ ደብተር መስጠት ኪራይ ሰብሳቢነት ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"ጠፋብኝ ብለው ያመልክቱ። የፖሊስ ማስረጃ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ከዚያ ኮሚቴ ያየዋል። እኔ አለሁልዎት።"

ሐሙስ ባዶ እጇን ዳኛው ፊት ቆመች። ፍርድ ቤቱ የወረዳውን መሬት አስተዳደር ማብራሪያ ጠይቆት ነበርና መልሱ በቀጠሮው ቀን ደርሷል፤ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ከዚያ በፊት አልታየም። ደብተሩ ለባለይዞታዋ መሰጠቱ ተገልጾ ፎቶው ተያይዟል።

"ወይዘሮ አረጋሽ፣ ደብተሩን ተቀብለዋል?" አሉ ዳኛው።

"ተቀብዬ ነበር ጌታዬ። ወዲያው ወሰዱብኝ።"

"እዚህ ላይ ግን ይስቃሉ።"

"ያኔ በእጄ ነበራ።"

ዳኛው ደብተሩ እያላት ለማቅረብ ፈቃደኛ አለመሆኗን መዝግበው፣ ድንበሩ ጌጡ ባረሰበት ይጽና ብለው ወሰኑ። ጌጡ ጨዋ ሰው ነው። ከችሎት ሲወጡ፣ "ፎቶው ግን አምሮብሻል" አላት።

በወሩ ፎቶው ትልቅ ሸራ ላይ ታትሞ በወረዳው ግቢ በር ተሰቀለ፤ ከሥሩ "ረክተው ይመለሳሉ" የሚል ተጽፎበታል። አረጋሽ የጠፋ ደብተር ማመልከቻዋን ይዛ ስትመጣ አዲስ የተቀጠረ ዘበኛ አስቆማት።

"ለምን ጉዳይ ነው እማማ?"

"ለደብተር። ይህች የተሰቀለችው እኔ ነኝ።"

ዘበኛው ሸራውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ሸራውን አየ።

"በመልክ ይመስሏታል" አላት። "ይህች ግን ትስቃለች እማማ፤ ደብተሯንም ይዛለች። የእሷ ጉዳይ አልቋል።"

አረጋሽ ቀና ብላ ሸራው ላይ ያለችውን ሴትዮ አየቻት።

"እንግዲያው እሷን ጥራልኝ" አለች። "ደብተሬን የወሰደችው እሷ ናት።"